አርመን ምግብ ቤት ተጠርተናል፤ ጾም ላይ ነን፣ ምን እንብላ?

ጥያቄ፦ ልጄ የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፣ በጥር ያገባል። የእጮኛው አያት አርመን ናቸው፣ እዚያው ሸገር ተወልደው ያደጉ። ሽማግሌ ተልኮ እሺ ከተባለ በኋላ ሁለቱ ቤተሰብ እንዲተዋወቅ ብለው ቅዳሜ ምሳ ጠርተውናል፤ ቤታቸው ሳይሆን የሚያዘወትሩት ትንሽ የአርመን ምግብ ቤት። እኔና ባለቤቴ ግን የገናን ጾም ይዘናል። እህቴ «ሥጋ ብቻ ነው ያለው፣ ውኃ ጠጥተሽ ትመጫለሽ» እያለች ታስፈራራኛለች። አበላሉም፣ ሂሳቡም፣ ይዘን የምንሄደውም አስጨንቆኛል።
የሙሽራው እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ እናታችን፣ እንኳን ደስ አለዎት! እህትዎ ግማሽ እውነት ነው የነገሩዎት። ሥጋው አለ። ኾሮቫትስ የሚሉት በፍም የተጠበሰ ሥጋ የድግሳቸው ንጉሥ ነው፣ ሽታው ገና ከበር ይቀበላችኋል። ግን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ጠረጴዛው በትንንሽ ሳህኖች ይሞላል፣ ሳህኖቹም የሁሉም ናቸው፣ የጾመኛ ሲሳይ ያለውም እዚያ ላይ ነው። የአርመን ቤተ ክርስቲያን ከእኛዋ ተዋሕዶ ጋር አንድ ቤተሰብ ናት፤ እነሱም ሲጾሙ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይተዋሉ። ስለዚህ የዘይትና የጥራጥሬ ምግብ ሞልቷቸዋል።

ቶፒክ ካለ እንዳያልፉት። ሽንብራው ተቀቅሎ ይፈጭና መሐሉ ላይ በቅመም የበሰለ ሽንኩርት ይገባል፣ ሰሊጥም አለው። በጥቅል ጎመን ቅጠል ምስር፣ ሽንብራና ባቄላ የሚጠቀለልበትም አለ። ዶልማ ላይ ግን ይጠንቀቁ። በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሁለት ዓይነት ነው፤ ሩዝ ብቻ ያለበት በዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ ይቀርባል፣ የተፈጨ ሥጋ ያለበት ደግሞ ትኩሱን ከእርጎ ጋር ይመጣል። የቀዘቀዘው የእርስዎ ነው ማለት ይቻላል፣ ቢሆንም መጠየቅ አይከፋም። ሩዙንም ሳይጠይቁ አይንኩ፣ ብዙ ጊዜ ቅቤ ይገባበታል። ታን የሚባለው ነጭ መጠጥ ደግሞ በውኃ የቀጠነ እርጎ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ዛሬውኑ ለልጅትዋ ደውሎ «እኛ ጾመኞች ነን» ማለት ነው። ይሉኝታ ይዞዎት ዝም ካሉ ሰዎቹ ያልተነካ ሳህን እያዩ ይጨነቃሉ፣ እርስዎም ይራባሉ፣ ያኔ የእህትዎ ትንቢት ሰመረ ማለት ነው።

አበላሉ አያስቸግርዎትም። ላቫሽ የሚሉት ስስ የስንዴ ቂጣ አለ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚጋገር፤ እንደ እንጀራ ቆርሰው ይጠቅልሉበት። በእሱ ብቻ እንዳይጠግቡ እንጂ። ደግሞ መጠጥ ዝም ብሎ አይጠጣም፣ አንዱ ብርጭቆውን አንስቶ ይናገራል፣ ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ተራው ለሙሽራው እናት መድረሱ አይቀርም። ያኔ ለስላሳዎን ያንሱና ይመርቁ። ምርቃት ለጎጃም ሰው ማን ያስተምረዋል?

ሂሳቡን ጋባዦቹ ይክፈሉ፣ ባለቤትዎ አንዴ «እኔ ልክፈል» ካሉ ይበቃል። ከመክፈያው ጋ መጓተት ምን ያደርጋል፣ ይልቅ ለጥምቀት ባሕር ዳር ይጥሯቸው። ስጦታ ካሉኝ የዘጌ ቡና ይዘው ይሂዱ፤ ቡና ወዳድ ናቸው። የእነሱ ቡና እንደ ዱቄት ልሞ በትንሽ እጀታማ ዕቃ ይፈላል፣ አተላው ሲኒው ውስጥ ይቀራልና እስከ መጨረሻው እንዳይጨልጡት። ሲኒውን ገልብጠው ዕድል የሚያነቡም አሉ፣ ይህቺን እንኳ ለንስሐ አባትዎ ባይነግሯቸው ይሻላል።

ጨዋታ ከጠፋ አያትዋን ቤተሰባቸው እንዴት እንደመጣ ይጠይቋቸው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም ያመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ሰምተው ይሆናል፣ የሙዚቃ ጓድ ነበሩ። የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራውም አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው። እርስዎም ባዶ እጅዎን አይደሉም፤ አቡነ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተሰደው ያረፉት አርመን አገር መሆኑን ቢያነሱላቸው ወሬው እስከ ቡናው ይዘልቃል።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር አንድ ሎጅ ወጥ ቤት እሠራለሁ። ዶልማ መሞከር ፈልጌ የወይን ቅጠል አጣሁ። በምን ልተካው?
ወጣቱ ምግብ አብሳይ

መልስ፦ በጥቅል ጎመን። እነሱም ይጠቀሙበታል። አንኳሩን አውጣና ሙሉውን የፈላ ውኃ ውስጥ ንከረው፣ ቅጠሉ ራሱ ይላቀቅልሃል፤ ወፍራሙን ጅማት ግን ላጠው፣ አለበለዚያ አይጠቀለልም። ሩዙ ስለሚያብጥ አታጥብቀው። ድስቱ ውስጥ ደርድረህ ሳህን ጫንበት፣ ዘይትና ሎሚ ጨምረህ በቀስታ አብስለው። በሩዝ ፈንታ ቅንጬ ካሰብክ ቀድመህ ግማሽ አብስለው፣ የእነሱ ቡልጉር የሚባለው የስንዴ ክክ ግን ተቀቅሎና ደርቆ ነው የሚከካው። ዓሣ ጠይቀኸኝ ቢሆን ደግሞ ሌላ ወሬ ነበር፤ ሴቫን የሚባል ሐይቃቸው እንደ ጣና ደጋ ላይ ያለ ነው፣ ዓሣውንም ጠብሰው በሎሚ ይበሉታል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ ዓምድ ላይ አላመጣውም።