ላንድሮቨሬ ወደ ኋላ ሲሄድ አያይም

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። እ.ኤ.አ. የ1964 ላንድሮቨር ሲሪስ 2ኤ አለኝ። ሁሉ ነገሩ ደህና ነው፣ ሪቨርስ መብራት ብቻ የለውም፤ ድሮም አልተሠራለትም። ማታ ወደ ኋላ ስመለስ ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ በፍሬን መብራት ቀይ ብርሃን ነው የምሄደው፣ ባለፈው የድንጋይ አጥር ገጨሁ። መብራቱን ራሴ መግጠም እፈልጋለሁ። ኤልኢዲ ይሻላል ወይስ ተራ አምፖል? ማብሪያውንስ ዳሽቦርድ ላይ ባደርገው ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፣ እኔም የተሞኘሁት እዚያ ላይ ስለሆነ። የመጀመሪያዬን ሪቨርስ መብራት ስገጥም ማብሪያ ማጥፊያውን ዳሽቦርድ ላይ ነበር ያደረግኩት። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ቀዳዳ፣ አለቀ። አንድ ማታ ወደ ኋላ ወጥቼ መንገዴን ቀጠልኩና ማጥፋቱን ረሳሁት። ከኋላዬ ያለው ሾፌር ፓራውን ብልጭ ድርግም ያደርግብኛል፣ እኔ ደግሞ "ይሄ ሰውዬ ምን ነካው" እያልኩ እነዳለሁ። ለካ ነጩ መብራት ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ልምጣበት ልሂድለት መለየት አቅቶት ነው።

መብራት ማብራትማ ማንም ያበራል። ሥራው በሰዓቱ እንዲጠፋ ማድረጉ ላይ ነው። ስለዚህ ከማርሹ ጋር አገናኘው። ሕጉም በብዙ አገር የሚለው ይህንኑ ነው፦ ቁልፍ ተከፍቶ ሪቨርስ ሲገባ ብቻ ይብራ። እንግሊዝ አገር በእጅ የሚበራም ይፈቀዳል፣ ግን ሪቨርስ መብራቱ እንደበራ ለሾፌሩ የምታሳይ ጠቋሚ አምፖል ትጠየቃለህ። የግድ በእጅ ይሁን ካልክ ይህቺን ትንሽ አምፖል አትዝለላት፤ ከማብሪያው ወደ መብራቱ ከሚሄደው ሽቦ ቀጥልላት፣ አብራ ትበራለች አብራ ትጠፋለች።

ለማርሹ ሲጫኑት የሚያገናኝ፣ ጫፉ ገባ ወጣ የሚል ማብሪያ ያስፈልግሃል። የማርሹ ዘንግ ሪቨርስ ሲገባ ብቻ የሚደርስበትን ቦታ ፈልግና ከላሜራ አጥፈህ በሠራኸው መያዣ እዚያ አስቀምጠው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መያዣውን ወለሉ ላይ ሲያስር ነው። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት ጎሚኒ (የጎማ ትራስ) ላይ ነው፣ ነዳጅ ስትሰጥ ይወዛወዛሉ፣ ወለሉ ግን ባለበት ነው። ቆመህ ስትሞክረው ጥሩ የሚሠራው ማብሪያ ዳገት ላይ ይከዳሃል። መያዣውን ካምቢዮው ራሱ ላይ ካለ ቡሎን ጋር እሰረው፣ አብሮ ይወዛወዝ። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈትና ሁሉንም ማርሽ አንድ በአንድ አስገባ፣ ከኋላ ሰው ቆሞ ይይልህ። ሌላ ማርሽ ላይ ብልጭ ካለ ማብሪያውን ትንሽ አርቀው።

አሁን ወደ ኤልኢዲው። መጀመሪያ ባትሪህን እየው፤ ከቦዲው ጋር የታሰረው የትኛው ጫፍ ነው? ላንድሮቨር እስከ 1967 አካባቢ ፖዘቲቩን ነበር ማሳ የሚያደርገው፣ ማለትም ከቦዲው ጋር የሚያስረው። ያንተ በኋላ ተገልብጦ ሊሆንም ይችላል፣ በ60 ዓመት ውስጥ ስንት እጅ እንደነካው ማን ያውቃል። ለተራ አምፖል ግድ የለውም፣ በየትኛውም በኩል ብትሰጠው ይበራል። ኤልኢዲ ግን ከተገለበጠ አይበራም። ይባስ ብሎ የአንዳንዱ ብረት ቀፎ ከኔጌቲቭ ሽቦው ጋር የተያያዘ ነው፣ ፖዘቲቭ ማሳ ያለው ቦዲ ላይ ስታስረው ሾርት ነው። ሁለት ሽቦ ያለውና ቀፎው ከሁለቱም ያልተነካካ ካገኘህ ግን እኔ ኤልኢዲውን እመርጣለሁ። የድሮ ዲናሞ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትሰጥ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር) ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል፣ ወደ ኋላ የምትሄደው ደግሞ ሚኒሞ ላይ ነው፤ ስለዚህ መብራቱ የሚበላው ከባትሪው ነው። አንድ ባለ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይስባል። ሁለት ከሆኑ 3.5። ባትሪህ ጤነኛ ከሆነ ይህም አይጎዳህም።

ማሳውን ቦዲው ላይ አትመን። ቦዲው አሉሚኒየም ነው፣ ቻሲው ብረት፤ በሁለቱ መሃል ቀለምና ዝገት አለ። መብራቱ በርቶ ግን ደብዝዞ ካየኸው ዘጠኝ ጊዜ ከአሥር ጥፋቱ እዚህ ነው። ከመብራቱ የራሱን ሽቦ አውጣና ቻሲው ላይ እሰር፣ ቦታውን እስኪያበራ ፈግፍገህ፣ ካሰርክ በኋላ ግራሶ ቀብተህ።

ኃይሉን ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ከሚመጣ መስመር ውሰድ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ መኪና ላይ አረንጓዴ ሽቦ ማለት በቁልፍና በፊውዝ ያለፈ ነው፤ አረንጓዴ ላይ ቡናማ መስመር ያለበት ደግሞ የሪቨርስ መብራት ነው፣ አዲሱን ሽቦ በዚሁ ቀለም ብትዘረጋው ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይመርቅሃል። ብቻ ቀለሙን አትመን፣ በቴስተር እየው። ለብቻው ባለ 5 አምፔር ፊውዝ ስጠው። 1 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይበቃል። ላሜራ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ጎማ አድርግ፣ አለዚያ ንዝረቱ ልጦ ይጨርሰዋል።

አንድ መብራት ይበቃሃል፣ ትንሽ ወደ መሬት አዘንብለው። ቻሲውን ለዚህ ብለህ እንዳትበሳ፣ ያለ ቀዳዳ ተጠቀም።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ ለሥራ የሚሆን ኃይለኛ መብራት አለኝ፣ እሱን ሪቨርስ ባደርገውስ? (ሌላ አንባቢ)

መልስ፦ መንገድ ላይ አይሆንም፣ ከኋላህ ያለውን ሰው ታሳውረዋለህ። ለጫካ ከፈለግከው ከሪቨርሱ ለይተህ የራሱን ማብሪያ ስጠው፣ በሪሌይም ይሁን (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ ነው፣ እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል)። 30 ቁጥር ላይ ከባትሪው በፊውዝ የመጣውን፣ 87 ላይ የመብራቱን፣ 86 ላይ የማብሪያውን፣ 85 ላይ ማሳውን። ጠቋሚ አምፖሏን አሁንም አትርሳት።