መልስ፦ ለድንገተኛ ክፍል ነርስ የትኛው ሥልጠና ይቅደም?

ውድ ጠያቂ፣ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተመደበ ነርስ በቀጥታ ማስተርስ ይጀምር ወይስ አጭር ሥልጠና ያስቀድም ብለው ለጠየቁት፣ አጭሩን እንዲያስቀድሙ አጥብቄ እመክራለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና 5 ቀን ገደማ የሚወስድ ሲሆን፣ የተዘጋጀውም እንደ እርስዎ በውስን መሣሪያ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ነው።

ዋና ጥቅሙ፣ በሽታው ገና ሳይለይ እንኳ የአየር መተላለፊያን፣ አተነፋፈስን፣ የደም ዝውውርንና የንቃተ ህሊናን ሁኔታ በቅደም ተከተል መርምሮ፣ በመጨረሻም የታካሚውን ልብስ አውልቆ የተደበቀ ጉዳት መፈለግን፣ በየደረጃው ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲገኝም ሳያክሙ ወደ ቀጣዩ አለማለፍን ማስለመዱ ነው። ለምሳሌ ሾክ ውስጥ የገባ (የደም ዝውውሩ በአደገኛ ሁኔታ የተዳከመ) ሕፃን ከባድ የምግብ እጥረት ካለበት፣ ፈሳሽ እንደ ሌላው ሕፃን በፍጥነት አይሰጠውም፤ ይህን አንብቦ ማወቅ በጥድፊያ ሰዓት ስለማይበቃ የተግባር ልምምዱን በፍጹም አይዝለሉት።

በድንገተኛና ጽኑ ሕክምና ነርሲንግ የሚሰጠው ማስተርስ ክፍል ለመምራትና ሌሎችን ለማሠልጠን ያበቃልና ቀጥሎ ይምጣ። ሆስፒታልዎ ግን የሌሊት ተረኞችንም አብሮ እንዲያሠለጥን ከአሁኑ ይጠይቁ።