«እማ፣ እኛ እኮ ወንበር ማሟያ ነበርን»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከማራኪ ነው። የሦስት ልጆች እናትና የእድራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ጫት የሚሸጥባቸውና የሚቃምባቸው ቤቶች በዝተዋል። ሺሻም አለ ይባላል። ልጆቻችን ዩኒፎርማቸውን አውልቀው ቦርሳ ውስጥ ከተው ይገባሉ። ዝም ብሎ ማየት ስላልቻልን እድሩ ወጣቶቹን ሰብስቦ አነጋገረ። ዳቦ ተደፋ፣ ቡና ተፈላ፣ ቄስም ሼህም ተጠሩ፣ ከጤና ጣቢያ የመጣች ልጅም አስተማረች። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ያን ቀን ወደ 50 ልጆች መጥተው ነበር። በሳምንቱ የመጡት ሦስት ናቸው። የ16 ዓመቱን ልጄን «ለምን ቀራችሁ?» ብዬ ብጠይቀው «እማ፣ እኛ እኮ ወንበር ማሟያ ነበርን» አለኝ። መጀመሪያ ተናደድኩ። ማታ ሳስበው ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ምን አጠፋን?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎ እውነቱን ነግሮዎታል። ለእናቱ መናገሩም ትልቅ ነገር ነው፤ ዝም ብሎ መቅረት ይችል ነበር። እስቲ ያስቡት፤ በዚያ ሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ልጆቹ ስንት ደቂቃ ተናገሩ? ከደብዳቤዎ እንደገባኝ ስብሰባውን የጠራው፣ የሚወራውን የመረጠው፣ የተናገረውም፣ የዘጋውም ትልቅ ሰው ነው። ልጆቹ ሊመከሩ ነው የመጡት። ምክር ደግሞ ቤታቸውም ትምህርት ቤታቸውም ሞልቷል።

እኔም ይሄንኑ አጥፍቻለሁ። ከዓመታት በፊት በአንድ የሰፈር ዝግጅት ላይ ስለ ሱስ ግጥም እንድታነብ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ መረጥን። ግጥሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሳምራ አነበበችው፣ ተጨበጨበላት። ከመድረክ ስትወርድ ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፋ እጄ ላይ አስቀመጠችና «እኔ የምለው ሌላ ነበር» ብላኝ ሄደች። ምን እንደነበር አልጠየቅኳትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሮጀር ሃርት የሚባሉ ተመራማሪ በ1992 እ.ኤ.አ. የልጆችን ተሳትፎ በስምንት ደረጃ መሰላል አሳይተውታል። የታችኞቹን ሦስት ደረጃዎች ተሳትፎ አይሏቸውም። እዚያ ልጁ ወይ መጠቀሚያ ነው፣ ወይ ማስጌጫ ነው፣ ወይ ለስሙ የተቀመጠ ነው። የእኔ ግጥም ከእነዚያ አያልፍም። የእናንተም 50 ወንበር እዚያው ነው። ላይኛው ደረጃ ላይ ሐሳቡን ልጆቹ ያመጡታል፣ ውሳኔውን ከትልልቆቹ ጋር ይወስናሉ።

ይሄ በእኛ ሀገር አይሆንም የሚል ካለ ጥምቀትን ያስብ። ጥር ሲገባ ጎንደር ላይ ሰፈሩን የሚይዘው ማን ነው? እነዚሁ ልጆች ናቸው። ቤት ለቤት ዞረው ብር ይሰበስባሉ፣ መንገድ ይጠርጋሉ፣ ባንዲራ ይሰቅላሉ። ታቦት ሲወጣ ያን ከባድ ምንጣፍ ከኋላ እየጠቀለሉ፣ ተሸክመው እየሮጡ፣ ከፊት መልሰው ያነጥፋሉ። አቧራና ላብ ፊታቸው ላይ ተቀላቅሎ ሲታዩ ያሳሳሉ። ካህናቱም ምንጣፉ እስኪነጠፍ ይጠብቃሉ። ታቦት የተሸከመ ካህን የ16 ዓመት ልጅ ሥራውን እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል! ብሩንም አደራ ብለን የምንሰጠው ለእነሱ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ግን እነዚያኑ ልጆች «እናንተ ልጆች ናችሁ፣ ተቀመጡና ስሙ» እንላቸዋለን። የሙስሊሞቹም ልጆች ረመዳን ላይ የሰፈሩን ማፍጠሪያ ሲያሰናዱ አይቻለሁ። እምነቱ አለን ማለት ነው፤ ጥር ላይ የምንሰጠውን በሌላውም ወር እንስጥ ነው የምለው።

ከየት ልጀምር ካሉኝ፣ ትልቅ ስብሰባውን ለጊዜው ይተዉት። ልጅዎንና እሱ የሚያምናቸውን አምስት ስድስት ልጆች ይጥሩ፤ ሴቶችም ይኑሩበት። ከእድሩም የዚያኑ ያህል ሰው ይምጣ። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ሽማግሌ መሀል ቢቀመጥ አይናገርም፤ እኔም ብሆን አልናገርም። የሚቅም ልጅ ልምጣ ካለ ደግሞ አትከልክሉት። ነገሩን ከውስጥ የሚያውቀው እሱ ነው።

ከዚያ ጠይቁ። በስንት ሰዓት ይገባል? ከማን ጋር? ብሩ ከየት ይመጣል? ለምን ተጀመረ? እኛ ልጅ የሚቅመው ስለባለገ ይመስለናል። ልጆቹን ስታዋሯቸው ግን ፈተና ያነሳሉ፣ ድብርት ያነሳሉ፣ ከትምህርት በኋላ የሚኬድበት ማጣትን ያነሳሉ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር እንቅልፍ ያባርራል፤ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ልጅም መጀመሪያ የሚወደው ይሄን ነው። ግን ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ስለሚያጣ ትኩሱ ነው የሚፈለገው። ትኩስ ማለት ደግሞ በየቀኑ ብር፣ በየቀኑ ወደዚያ ቤት መሄድ ነው። ከዚያ ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ይላል። ምርቃናውን ለመስበር ቢራ ወይ አረቄ ይመጣል፤ ልጆቹ «ጨብሲ» ይሉታል። ሲጋራው መሀል ላይ ነው የሚገባው። በጥናት የተጀመረ ነገር እንዲህ ተያይዞ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የእድሩን አዳራሽ ላንሳ። ወንበር አለው፣ መብራት አለው፣ ከለቅሶ እስከ ለቅሶ ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉን ለልጆቹ ስጧቸው። ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥራ ሁለት አብረው ያጥኑበት፣ ከረንቦላም ቼዝም ይጫወቱበት፣ ፋሲል ከነማ ሲጫወት ተሰብስበው ይዩበት። ሰዓቱን ራሳቸው ይወስኑ፤ ሴቶቹ መሽቶ መውጣት አይፈቀድላቸውምና የእነሱ ቃል ይቅደም። ትንሽ ብርም መድቡላቸው፣ ሒሳቡን እነሱ ይያዙ፣ ለእርስዎ ያወራርዱ። ወንበር ሊሰበር ይችላል። ይሰበር፣ ይጠገናል።

ለትልልቆቹ የሚቀር ሥራ አለ፤ እሱን ልጆቹ ላይ አትጫኑ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥም ሲጋራም መሸጥ ክልክል ነው። ሺሻም የተከለከለ ነው። ጫት ግን በሀገር ደረጃ አልተከለከለም፤ ስለዚህ እሱ በሽማግሌ የሚያልቅ ነገር ነው። ያ ቤት የማን ነው? ማን አከራየው? ባለቤቱ የእድራችሁ አባል ከሆነ፣ ሲቸግረው የምትደርሱለት እናንተ ናችሁና ሄዳችሁ አነጋግሩት። ደንበኞቹ የማን ልጆች እንደሆኑ ፊቱ ላይ ንገሩት። እዚያ በር ላይ ልጅ አይቁም፤ ነገ ብቻውን የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ደግሞ ቤታችንን እንይ። «ማሙሽ፣ ሮጥ ብለህ ሁለት ሲጋራ አምጣልኝ» የሚል አባት በየሰፈሩ አለ። በዓል ሲሆን ጠላውን «ቅመስ፣ ምን ትሆናለህ» የምንልም አለን። እድሩ ከልጆቹ ጋር አንድ ደንብ ያውጣ ቢባል እኔ ከዚህ እጀምር ነበር፤ ማንም አባል ልጅን ሲጋራ፣ ጫትና መጠጥ ግዛ ብሎ አይላክ።

ለውጥ ይመጣል ወይ ካሉ፣ አይስላንድን ይመልከቱ። በ1998 እ.ኤ.አ. ከ15 እና 16 ዓመት ልጆቻቸው 42 በመቶው ባለፈው ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናገሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 5 በመቶ ደረሰ። በየቀኑ የሚያጨሱት ከ23 ወደ 3 በመቶ ወረዱ። ሀብታም ሀገር ነው፣ ስፖርቱንና ሙዚቃውን በመንግሥት ብር ደግፈዋል፣ ያ እኛ ጋ የለም። ግን ልጆቹን ስም በማይጻፍበት ወረቀት በየጊዜው ይጠይቁ ነበር፤ ውጤቱንም ለየአካባቢው መልሰው ይሰጡ ነበር። ወላጆችም በሰዓት እላፊ ላይ ተስማምተዋል። ወረቀትና እስክሪብቶ እናንተም አላችሁ።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፣ ከአዘዞ ነው። የሰፈራችን ሰዎች ከወጣቱ ጋር እንሠራለን ብለው ኮሚቴ ውስጥ አስገቡኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን የሚቅሙትንና የሚያጨሱትን ልጆች ስም ጽፈህ አምጣ አሉኝ። የልብ ጓደኛዬ አንዱ ነው። እምቢ ብል «አንተም ከእነሱ ነህ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትጻፍ። ዝርዝሩ የወጣ ቀን ሰፈሩ ውስጥ የሚያምንህ ልጅ አይኖርም፤ ኮሚቴው የሚፈልግህ ደግሞ ልጆቹ ስለሚያምኑህ ነው። ይህንኑ በግልጽ ንገራቸው። አንደበትህ ከከበደህ ከመሀላቸው ደህና የሚሰማህን አንዱን ጋሼ ወይ እትዬ ለብቻ አናግር፣ እሳቸው ይናገሩልህ። ባዶ እጅህን ግን አትሂድ። በስም ፈንታ ቦታና ሰዓት ይዘህ ሂድ፤ የት የት ይሸጣል፣ መቼ ይሞላል፣ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ቢያገኙ የሚወዱት ሌላ ነገር ምንድን ነው።

የጓደኛህ ነገር ሌላ ነው። እሱን አንተው አናግረው፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ፣ ሳይቅም በዋለበት ሰዓት። አትምከረው፣ እንዴት ነህ በለው። ቀናት ሙሉ እንቅልፍ ካጣ፣ የሌለ ድምፅ ሰማሁ ካለ፣ ወይም መኖር ሰለቸኝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ግን ምስጢር ብለህ አትያዘው። ያኔውኑ ለምታምነው ትልቅ ሰው ተናገር። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ብቻውን አትላከው፣ አብረኸው ሂድ፤ ካርድ ሲያወጣም አጠገቡ ሁን።