ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ወዴት ይሄዳል? የደሴና የኮምቦልቻ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሆጤ)፦ የክላሽ ጥይት ስንት ይሄዳል? አንዱ 400 ሜትር ይላል፣ ሌላው 3 ኪሎ ሜትር።

መልስ፦ የተለያየ ነገር ስለሚያወሩ ነው። 400 ሜትር ገደማ አልሞ ለመምታት የሚያስተማምን ርቀት ነው። አፈሙዙ 30 ዲግሪ ያህል ቀና ካለ ግን አረሩ 2 ኪሎ ሜትር ተኩልም ሊያልፍ ይችላል። ሲወጣ በሰከንድ 715 ሜትር ገደማ ይፈጥናል። አየር ባይኖር በ45 ዲግሪ ተተኩሶ 52 ኪሎ ሜትር በሄደ፤ ከደሴ ኮምቦልቻን ዘሎ ማለት ነው። የሚያስቀረው አየሩ ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሰርግ ላይ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ሲተኩሱ ጥይቱ ጉልበቱን ጨርሶ ነው የሚወርደው፣ አይጎዳም ይላሉ።

መልስ፦ ግማሹ እውነት ነው። ከፍታው ጫፍ ላይ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ከዚያ እየፈጠነ ይወርድና የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር ሲስተካከል ፍጥነቱ በሰከንድ 90 ሜትር አካባቢ ይረጋል። 8 ግራም የሚጠጋው አረር ሲወጣ የነበረው 2,000 ጁል ወደ 32 ጁል ወርዷል። ግን ቆዳ ለመብሳት በሰከንድ 60 ሜትር ገደማ ይበቃል፤ አናት ላይ ካረፈማ ሊገድል ይችላል።

ደሴ ላይ ደግሞ ይብሳል። ከተማው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በ22 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ያው አረር 100 ሜትር በሰከንድ ይጠጋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለሚል ከዚህ ትንሽ ያንሳል፣ የሚያጽናና ልዩነት ግን አይደለም።

ዋናው አደጋ ሌላ ነው፦ ሰርግ ላይ ቀጥ አድርጎ የሚተኩስ የለም፣ እጅ ያዘነብላል። የክላሽ አፈሙዝ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ በየ24 ሴንቲ ሜትሩ አንድ ዙር ስለሚያዞረው አረሩ በሰከንድ 3,000 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። አዘንብሎ ሲተኮስ ሽክርክሩን ይዞ፣ አፍንጫውን አስቀድሞ፣ ፍጥነቱን ሙሉ በሙሉ ሳያጣ ይወርዳል። ተባራሪ ጥይት የምንለው አብዛኛው ይኸው ነው። ከጦሳ ተዳፋት ወደ ከተማው ከሆነ ደግሞ መሬቱ ዝቅ ስለሚል ርቀቱ ይጨምራል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ድምፁን ሰምቶ ዝቅ ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይደረስም። 300 ሜትር ላይ ጥይቱ በግማሽ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል፣ ድምፁ 0.9 ሰከንድ ይፈጅበታል።

ጥያቄ፦ እስከዚያ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው?

መልስ፦ የለም፣ ከአፈሙዝ እንደወጣ መውደቅ ይጀምራል። 300 ሜትር ላይ አፈሙዙ ከጠቆመበት መስመር 1.4 ሜትር ያህል ይወርዳል። የክላሽ የኋላ ማነጣጠሪያ ላይ ያሉት ቁጥሮች አፈሙዙን ለዚሁ ቀና የሚያስደርጉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ተኩስ ሲበዛ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መጠለል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። አዘንብሎ የመጣ ጥይት ቆርቆሮ ይበሳል። ሶሌታ ያለው ፎቅ ቅርብ ከሆነ ምድር ቤቱ ግቡ፣ ከመስኮትና ከበር ራቁ።