በደጋ ለ100 እንቁላል ጣይ ዶሮ የሚሆን ቤት፦ በድንጋይ፣ በባሕር ዛፍና በጭቃ

እኅታችን፣ በደብረ ብርሃን ዳርቻ ባለው ጓሮዎ 100 የ45 ቀን ጫጩቶች አስገብተው ለእንቁላል ሊያሳድጉ እንደሆነ ገልጸዋል። ወጪ ለመቀነስም 3 ሜትር በ4 ሜትር የሆነ፣ ዙሪያው እስከ ጣሪያ ድረስ በጭቃ የተመረገ፣ በሣር የተከደነ ቤት ቢሠሩ ይበቃ እንደሆነና ብርዱን እንዴት እንደሚከላከሉ ጠይቀዋል። በዚሁ በሰሜን ሸዋ ደጋ ለራሴም ለጎረቤቶቼም ተመሳሳይ ቤቶችን ስሠራ ስለቆየሁ፣ ያየሁትን በዝርዝር እጽፋለሁ። አስቀድሜ ግን ዋናውን ሐሳቤን ልናገር፦ ግድግዳው ላይ የፈለጉትን ያህል ይቆጥቡ፤ ወለሉና ጣሪያው ላይ ግን አይቆጥቡ። የደጋን ዶሮ የሚጎዳው ብርድ ብቻውን ሳይሆን ከእርጥበት ጋር የተገናኘ ብርድ ነው፤ እርጥበቱ የሚገባው ደግሞ ከታች በወለሉ፣ ከላይ በጣሪያው ነው።

በስፋቱ ልጀምር። 12 ካሬ ሜትር ለ100 ዶሮ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ከ8 በላይ ዶሮ ማለት ነው። ጫጩቶቹ ሲገቡ ሰፊ መስሎ ይታያል፤ አምስት ወር ሞልቷቸው እንቁላል መጣል ሲጀምሩ ግን ይጣበባሉ፣ ላባ መነቃቀልና እንቁላል መስበርም ይመጣል። ወለል ላይ ለሚረባ እንቁላል ጣይ በካሬ ሜትር ከ5 እስከ 6 ዶሮ ደኅና ልክ ስለሆነ፣ 4 ሜትር በ5 ሜትር እንዲያደርጉት እመክራለሁ። የሚጨመረው ባሕር ዛፍና ጭቃ ብዙ ገንዘብ አይደለም።

ቦታው በጓሮው ውስጥ ከፍ ያለውና ክረምት ውኃ የማይተኛበት ይሁን። ረጅሙን ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያስተኙት፤ ከፍ ያለውና በሽቦ የሚሸፈነው ፊቱ ወደ ደቡብ ይዙር። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባሉት ብርዳማ ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ቀን ቀን ብርሃኗ በሽቦው በኩል ገብቶ ወለሉን ያደርቃል። ውርጭ በሚወርድበት አገር ከዚህ የረከሰ ማሞቂያ አላውቅም። ነፋሱ ከየት እንደሚበረታ ጎረቤት ይጠይቁ፤ በሩን በዚያ በኩል አያድርጉት።

መሠረቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። የአካባቢያችን መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ በላዩ የቆመውንም ግድግዳ ይዞት ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ዙሪያውን ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር፣ ጠንካራ መሬት ካልተገኘም ከዚያ በላይ ቆፍረው በድንጋይ ይሙሉት፤ ከመሬት በላይም 60 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ግንብ በጭቃ ያቁሙ። ደግነቱ ድንጋይ በእኛ አገር ወጪው ማጓጓዣው ብቻ ነው። ይህ ግንብ ጭቃውን ከዝናብ ፍንጣቂ ይጠብቃል፤ ሸለምጥማጥና አይጥም ከሥር ቆፍረው እንዳይገቡ ያግዳል። በውስጥ በኩል ያለውን ዋልካ ከላይ ገፍፈው አውጥተው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠር ይሙሉበት፤ በላዩ ቀይ አፈር ከጥቂት ኖራ ጋር አርጥበው በደንብ ይደልድሉ፤ የወለሉም ከፍታ ከውጭው መሬት አንድ ስንዝር ይብለጥ። ሲሚንቶ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካለዎት፣ ያ ቦታ ወለሉ ነው። ቤቱን ዙሮ የሚያልፍ የውኃ ቦይም አይርሱ።

ለእንጨቱ የባሕር ዛፍ አጣና ይበቃል። እንደተቆረጠ ልጡን ልጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው በጥላ ያድርቁት፤ ልጡ ያልተነሣለት እንጨት ነቀዝ ይገባበታል። በዚህ ከፍታ ምስጥ እንደ ቆላው አያስቸግርም፤ ቋሚውን የሚበላው ከመሬቱ ጋር የሚገናኝበት ላይ የሚይዘው ብስባሽ ነው። ስለዚህ የሚቀበረውን 60 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አንድ ስንዝር ያህል በእሳት ለብለብ አድርገው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡት፤ ጉድጓዱንም በአፈር ፈንታ በድንጋይና በጠጠር ይጠቅጥቁት፣ ውኃ እንዳይቆምበት። ጽድ ማግኘት ለሚችል ሰው ለቋሚው የሚሻለው እሱ ነው፤ ዛሬ ግን ዋጋው ለዶሮ ቤት የሚሆን አይደለም።

ጣሪያውን ባለ አንድ ፍሳሽ ያድርጉት፤ የደቡቡ ቋሚ ከመሬት በላይ 2 ሜትር ከ60፣ የሰሜኑ 2 ሜትር ይሁን። መሐል ላይም አንድ ረድፍ ምሰሶ ካቆሙ ቀጭን ወራጅ ይበቃዎታል። 2 ሜትር ርዝመት ያለውን ቆርቆሮ 20 ሳንቲ ሜትር እያደራረቡ ሦስቱን ቢቀጥሉ 5 ሜትር ከ60 ስለሚሆን፣ በሁለቱም በኩል 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፈፍ ይተርፋል። በወርዱ አንዱ ቆርቆሮ ከተደራረበ በኋላ 75 ሳንቲ ሜትር ይሸፍናል ብለን ብናስብ፣ 8 ረድፍ፣ በድምሩ 24 ቆርቆሮ ይፈልጋል። ክፈፉን ለማሳጠር አይፈተኑ፤ የጭቃ ግድግዳ ዕድሜ የሚለካው በክፈፉ ርዝመት ነው። ሚስማሩን በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ በጎድጓዳው አይምቱ፤ ወራጆቹንም ከቋሚው ጋር በሽቦ ይሰሩ፣ የበጋው ነፋስ ከክፈፉ ሥር ገብቶ ጣሪያ ይነሣልና።

የሣር ክዳን ሙቀት እንደሚይዝና ጠል እንደማያንጠባጥብ አልክድም። ነገር ግን የዶሮ ተባይና አይጥ መሸሸጊያ ይሆናል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል፣ ለእሳትም የተጋለጠ ነው። ጥሩ የክዳን ሣር ራሱ እንደ ድሮው በነጻ አይገኝም፤ ከእነማጓጓዣውና ከእነከዳኙ ሲታሰብ ከቆርቆሮው ብዙም አይርቅም።

አሁን ወደ ብርዱ። ዙሪያውን እስከ ጣሪያ ልመርግ ያሉት ሐሳብ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ዶሮ ስትተነፍስም ስትኮስም ብዙ እርጥበት ታወጣለች፤ ቤቱ ከተዘጋ ያ እርጥበት ሌሊት ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ጠል ሆኖ ተመልሶ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ከእርጥቡ ኩስም አሞኒያ ይነሣል። አንድ ጎረቤቴ ብርድ ፈርቶ መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍኖት ነበር፤ ጠዋት በሩ ሲከፈት ዓይን ያስለቅስ ነበር፣ ዶሮዎቹም ያስነጥሱ ጀመር። ከጣሪያው ሥር ያለውን ጭቃ ዙሪያውን አፍርሰን ሽቦ ብናደርግበት ሽታው በጥቂት ቀን ለቀቀ። የእርስዎ ቤት ሰሜኑ፣ ምሥራቁና ምዕራቡ ከጣሪያው በታች 30 ሳንቲ ሜትር እስኪቀር ይመረግ፤ የቀረው በሽቦ ይዘጋ። ደቡቡ ደግሞ ከድንጋዩ በላይ ሁሉም ሽቦ ይሁን። ለሌሊት ማዳበሪያ ጆንያ ሰፍተው፣ ታችኛውን ጫፍ ከግንቡ ጋር አጥብቀው፣ ላይኛውን በገመድ ወደ ላይ እየሳቡ ይዝጉ። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መጋረጃ ስሕተት ነው፤ መጀመሪያ የሚዘጋው መጥፎው አየር የሚወጣበትን ነው። ላይኛዋ ስንዝር ተኩል መቼም አትዘጋ። የ45 ቀን ጫጩቶች ሲገቡ ግን የቤቱን አንድ ማዕዘን በጆንያ ከልለው፣ ጉዝጓዙን አወፍረው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እዚያ ቢያሳድሯቸው ይሻላል።

ለምርጊቱ ቀይ አፈር ይፈልጉ፤ ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይፈነካከታል። የጤፍ ጭድ ከወይና ደጋው የሚመጣ ስለሆነ ይወደዳል፤ የገብስ ጭድም አሳጥሮ ለከተከተው ሰው ይሠራል። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ጥቂት ቀናት እየረጠበና እየተረገጠ ይቆይ። የመጀመሪያው ምርጊት መሰንጠቁ አይቀርምና ደርቆ ሲያበቃ በሁለተኛው ይደፈን፤ በመጨረሻም የውስጡን በኖራ ቀብተው በየዓመቱ ያድሱት፣ የዶሮ ተባይ የሚደበቀው ስንጥቅ ውስጥ ነውና።

የውስጡ ዕቃ ቀላል ነው። ለጉዝጓዝ ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ወይም ፍቅፋቂ 10 ሳንቲ ሜትር ያንጥፉ፤ በየጊዜው ይገልብጡት፤ ጨብጠው ሲለቁት እንደ ጭብጦ ከያዘ ረጥቧልና ይቀይሩት። ውኃ መጠጫውን በድንጋይ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ጉዝጓዝ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚያ ዙሪያ ነው። ለማደሪያ ቆጥ ለአንድ ዶሮ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር አስበው ለስላሳ የባሕር ዛፍ አጣና ያጋድሙ። ለአምስት ዶሮ አንድ መጣያ ተብሎ ይታሰባልና 20 ያህል፣ በሁሉም ጎን 30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሣጥኖችን ጨለም ባለው በሰሜኑ ግድግዳ ሥር ይደርድሩ። በሩ ላይ ኖራ የተነሰነሰበት ጫማ መርገጫ ይኑር፤ የግቢው የሐበሻ ዶሮም ወደ ሽቦው አይጠጋ፤ ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ በዚያ በኩል ይመጣልና። ክትባቱን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ጫጩቶቹ ከመግባታቸው በፊት ይነጋገሩ።

በገንዘብ ከሚገዙት ዋናዎቹ ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ ሚስማርና ኖራ ናቸው፤ ዋጋቸው በየወሩ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አልጽፍም። ገንዘቡ በአንዴ ካልሞላ መሠረቱን፣ ቋሚውንና ጣሪያውን አስቀድመው ይጨርሱ፤ ምርጊቱ ከጣሪያው ሥር ሆኖ ይደርሳል። መሠረቱ በኅዳር ቢጀመር በታኅሣሥና በጥር ምርጊቱ ደርቆ የበልጉ ዝናብ ሳይገባ ያልቃል። ጭቃው ከውስጥ በኩል በጣት ሲነካ ቀዝቅዞ ከተሰማዎት ገና አልደረቀምና ጫጩት አያስገቡበት፤ ትእዛዙንም ሲሰጡ የሚረከቡበትን ቀን ከዚያ ጋር ያስተካክሉ።