ለልጅሽ ፔፐር፦ ቀኑን ሳያይ እንዳይጀምር (ሴንተር ኮሌጅ፣ 1921)

እህቴ፣ ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስገባ ነው ያየሁት። ልጅሽ ለታሪክ ክፍሉ ስለ ሴንተር ኮሌጅ የ1921 የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሊጽፍ ነው፣ ከየት ይጀምር ብለሻል። ከአራት ዓመት በፊት እኔም ይሄንኑ ርዕስ ይዤ ነበር፣ ሌሊት እየሠራሁ ቀን የምማርበት ጊዜ ነው። ገንዘቤንም ነጥቤንም በልቶብኛል፤ ስለዚህ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አልቻልኩም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

1. ምንም ነገር ከማንበቡ በፊት ቀኑን ይመልከት። ሴንተር (ትንሽ የኬንተኪ ኮሌጅ ነው) ሃርቫርድ ድረስ ሄዶ የተጫወተው አንዴ ብቻ አይደለም፣ ሦስት ዓመት ተከታትሎ ነው። በ1920 31 ለ 14 ተሸነፈ። በ1921 6 ለ 0 አሸነፈ። በ1922 ደግሞ 24 ለ 10 ተሸነፈ። ሰው የሚያወራው ስለ መሃለኛው ብቻ ስለሆነ የድሮ ወረቀት የሚሸጥ ሁሉ ያለውን ነገር «የዚያ ትልቅ ጨዋታ» ነው ይልሻል።

እኔ የተቃጠልኩት እዚህ ጋ ነው። ኢንተርኔት ላይ አንድ ሻጭ ጋ የ1921ን ጨዋታ ፕሮግራም (የተጫዋቾቹ ስም ያለበትን መጽሔት) አገኘሁ፣ በዚያን ቀን ስታዲየም በር ላይ የተሸጠው ነው ብሎ 180 ዶላር ጠየቀኝ። ለእኔ የሁለት ቀን ደሞዝ ነው። ከፈልኩ። የተጫዋቾቹን ስም ዝርዝር፣ ኪሎአቸውን ሳይቀር ከዚያ ገልብጬ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ሲመልስልኝ በቀይ የከበበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እኔው ራሴ ያያያዝኩት የሽፋኑ ፎቶ ላይ ያለውን ቀን። ኦክቶበር 23 ቀን 1920 ይላል። ትክክለኛው ጨዋታ ኦክቶበር 29 ቀን 1921 ነው። ዓይኔ ስንት ጊዜ አይቶት አላየውም። ለሻጩ ጻፍኩለት፣ «የሃርቫርድ ጨዋታ ነው አልኩህ፣ ነው» ብሎ መለሰልኝና ከዚያ በኋላ ጠፋ።

2. ቤተ መጻሕፍት ይሂድ፣ ግን ብቻውን አይሂድ። የዘመኑን ጋዜጣ በማይክሮፊልም (ገጾቹ በትንሹ ፎቶ የተነሱበት፣ በማሽን የሚነበብ ፊልም) ማየት የግድ ነው። እኔ የሄድኩበት ቤተ መጻሕፍት (ስሙን አልጠራም) መረጃ ክፍሉ ላይ የተቀመጠችው ሴትዮ የምፈልገውን ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና «አንተን ይሄ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ማሽኑን ለመክፈት 40 ደቂቃ አስጠበቀችኝ፣ የተሰጠኝ ሰዓት ሲያልቅ ግን አንድ ደቂቃ አላሳለፈችም። ዛሬም ሳስበው ያናድደኛል። ከአገሬ ስለመጣሁ የዚህ አገር ታሪክ አይመለከተኝም ማለት ነው? ልጅሽ እዚህ የተወለደ ቢሆን እንኳ ተመሳሳይ ነገር ሊያጋጥመው ይችላል። ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ የተቀበላችሁን ሰው ስምም ጻፉ።

በሦስተኛው ቀን ግን የጨዋታውን ዘገባ አገኘሁት፣ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግርሽ አልችልም። ነገሩን አስቢው። ዳንቪል የምትባል የኬንተኪ ትንሽ ከተማ፣ ወደ 300 ገደማ ተማሪ ያለው ኮሌጅ። ከጨዋታ በፊት አብረው ስለሚጸልዩ «ጸሎተኞቹ ኮሎኔሎች» ይሏቸዋል። ከወዲያ ያለው ደግሞ 25 ጨዋታ ሳይሸነፍ የቆየ፣ በ1920 መጀመሪያ ሮዝ ቦውል የሚባለውን ትልቅ የዋንጫ ጨዋታ ኦሪገንን 7 ለ 6 ረትቶ የወሰደ ሃርቫርድ ነው። እርግጥ ሳምንት ቀደም ብሎ ከፔን ስቴት ጋር 21 ለ 21 እኩል ወጥቶ ነበር፣ ድካሙ ይታይ ነበር ማለት ነው፤ ይሄን ብዙ ሰው አይጽፈውም፣ ልጅሽ ይጻፈው። በ1920 ሲሸነፉ የሃርቫርዱ አምበል ኳሷን ለማስታወሻ ሊሰጠው ቢል የሴንተሩ ተጫዋች ቦ ማክሚሊን «በሚቀጥለው ዓመት መጥተን እንወስዳታለን» ብሎ እምቢ አለ ይባላል። በዓመቱ፣ ከ40,000 በላይ ሰው ፊት፣ ሦስተኛው ሩብ እንደተጀመረ 32 ያርድ ሮጦ ታችዳውን (6 ነጥብ ነው) ያገባው ራሱ ማክሚሊን ነው። ከታችዳውን በኋላ የምትሞከረው ተጨማሪ ነጥብ አልገባችም፣ 6 ለ 0 ቀረ። ሴንተርን ሊደግፉ የመጡ የኤም አይ ቲ (እዚያው ከሃርቫርድ አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ) ተማሪዎች የጎሉን ቋሚ ነቀሉት። ዳንቪል ውስጥ ደግሞ C6H0 የሚለውን እንደ ኬሚስትሪ ቀመር አድርገው ያገኙት ነገር ሁሉ ላይ ቀቡት። «ሲ» ሴንተር፣ «ኤች» ሃርቫርድ።

3. እዚህ ላይ እንዳያቆም! የኔ የመጀመሪያ ወረቀት ሌላው ጉድለት ይሄ ነበር። በድሉ ጨረስኩት፣ ፕሮፌሰሩም «የጠየቅኩህ የአንድ ቀን ታሪክ ሳይሆን የሙሉ የውድድር ዘመን ነው» አለኝ። ልክ ነው። ከዚያ በኋላ ኬንተኪን 55 ለ 0፣ ኦበርንን 21 ለ 0 አሸንፈዋል። ገና በዋለ ማግስት ሳን ዲዬጎ ድረስ ሄደው አሪዞናን 38 ለ 0። ከሳምንት በኋላ ዳላስ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 1922፣ ከቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ጋር። የ1921 የውድድር ዘመን ያለቀው በ1922 ነው፣ ይሄም ያሳስታል።

ለኔ ከሃርቫርዱ ይልቅ ልብ የሚነካው የዳላሱ ጨዋታ ነው። ማክሚሊን ዳላስ አጠገብ ያለችው የፎርት ወርዝ ልጅ ነው፣ በዚያኑ ቀን ጠዋት እዚያው አገሩ ላይ ተሞሽሮ ነው ከሰዓት ሜዳ የገባው። የሴንተር አሰልጣኝ ቻርሊ ሞራን፣ በበጋ የቤዝቦል ዳኛ የነበረው ሰው፣ ከ1909 እስከ 1914 ያሰለጠነው ያንኑ ኤ ኤንድ ኤምን ነው። ሁሉም ሴንተር ያሸንፋል ብሎ ነበር። 22 ለ 14 ተሸነፉ። በዚያ ጨዋታ ኤ ኤንድ ኤም ተጫዋቾቹ እየተጎዱ ሲወጡበት ዳና ባይብል የተባለው አሰልጣኙ ኪንግ ጊል የሚባል ልጅ ከተመልካች መሃል አስጠርቶ መለያ አስለበሰው። ጊል እስከ መጨረሻው ሜዳው ዳር ቆሞ ጠበቀ፣ አልገባም። ዛሬ ኤ ኤንድ ኤሞች «አሥራ ሁለተኛው ሰው» እያሉ ጨዋታውን ሁሉ ቆመው የሚያዩት ከዚያ ተነስተው ነው። እንግዲህ የዚያች ትንሽ ኮሌጅ ሽንፈት የሌላ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ወግ ሆኖ ቀረ። ይሄን አንቀጽ ስጨምር ነው ነጥቤ የተቀየረው። ሁለተኛውን ወረቀት «ኤ» አገኘሁበት፣ ከክፍሉ ብቸኛው እኔ ነበርኩ።

ከቻላችሁ ዳንቪል ሂዱ። ትምህርቱን እንደጨረስኩ መኪና ተከራይቼ ሄጃለሁ። C6H0 የሚለው ቀመር እስከ ዛሬ አንድ አሮጌ ሕንፃ ግድግዳ ላይ አለ። ፊቱ ቆሜ ብዙ ቆየሁ፣ አንድ የሚያልፍ ሽማግሌም ቆሞ ስለ ጨዋታው ሲያወራኝ ውጤቱን እኔ ቀድሜ ነገርኩት፣ ሳቀና ጨበጠኝ።

ያ ፕሮግራም አሁንም ቤቴ አለ። ለ1921 አይሆንም፣ ግን ልጅሽ ከሽንፈቱ መጀመር ከፈለገ የ1920ው ቡድን ስም ዝርዝር በሙሉ እዚያ አለ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቼ እልክለታለሁ፣ ቀኑ ያለበትን ሽፋን መጀመሪያ።