ጥያቄና መልስ፦ ባለዕዳው አምላክና ሰባቱ ተራሮች

ህንድ አገር፣ ቪዛግ ከተማ ስማር ቲሩማላ ተራራ መውጣቴን፣ የተራራው አምላክ ዕዳ እንዳለበትና ምእመኑ ወንድ ሴት ሳይል ፀጉሩን እንደሚላጭለት ባለፈው ብጽፍ ጥያቄው ጎረፈ። ቲሩማላ ደቡብ ህንድ፣ አንድራ ፕራዴሽ ውስጥ፣ ከቲሩፓቲ ከተማ በላይ ነው። አናቱ ላይ የቬንካቴስዋራ ቤተ መቅደስ አለ። በሉ እንጀምር።

ጥ፦ ቬንካቴስዋራ ደግሞ ማነው? እኛ የምናውቀው ቪሽኑን ነው።

ራሱ ቪሽኑ ነው፤ ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ። እዚህ ተራራ ላይ ያደረሰው የቤት ጠብ ነው። ብሪጉ የሚባል ጠቢብ አማልክቱን ሊፈትን ሲዞር ቪሽኑን ተኝቶ አገኘውና ደረቱን በእርግጫ አለው። ቪሽኑ መቆጣት ሲገባው «እግርህን አመመህ ወይ?» ብሎ ያሽለት ጀመር። ችግሩ፣ ደረቱ የሚስቱ የላክሽሚ ማደሪያ ነው። የተረገጠችው እሷ፣ የተባበለው ረጋጩ! ጥላው ሄደች። እሱም ሊፈልጋት ወጥቶ ተራራው ላይ ኩይሳ ውስጥ ተጠለለ።

ጥ፦ ዕዳ አለበት ያልከው የምርህን ነው?

የምሬን ነው። ቪሽኑ ምድር ላይ ሳለ ፓድማቫቲ የምትባል የንጉሥ ልጅ ወደደ። ግን የሀብት አምላኳ ላክሽሚ ስትሄድ ኪሱም አብሮ ባዶ ሆኗል። ሠርግ ደግሞ ሠርግ ነው፤ ተበድሮ መደገስን እኛ ብቻ የምናውቀው እንዳይመስላችሁ። ከአማልክቱ ባለጠጋ ከኩቤራ ተበደረ። ወለዱን እስከ ካሊ ዩጋ መጨረሻ ሊከፍል ተስማማ። ካሊ ዩጋ፣ በሂንዱ አቆጣጠር አሁን ያለንበት ዘመን፣ 432,000 ዓመት ነው፤ ያለፈው ገና 5,000 ገደማ። እንግዲህ አስሉት።

ምእመኑ ሁንዲ ውስጥ ብር፣ ወርቅ፣ ያንገቱን ሐብል ሳይቀር ይጨምራል። ሁንዲ በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ የስጦታ ዕቃ ነው። አምላካቸውን ዕዳ እያገዙት ነው። ሰው አምላኩን ሲለምን አይቻለሁ፤ ሲያዝንለት ያየሁት ግን እዚያ ነው።

ጥ፦ ሴቶቹም ጭምር ለምንድነው የሚላጩት?

እህቴ፣ ይሄም ከኩይሳው ጋር የተያያዘ ነው። አንዲት ላም በየቀኑ ወተቷን ኩይሳው ላይ ታፈስስ ነበር። እረኛው ተናዶ መጥረቢያ ሲወረውር ኩይሳው ውስጥ ያለውን አምላክ ጭንቅላቱ ላይ አገኘው። ቁስሉ የነካው ቦታ ፀጉር አጣ። ኒላ ዴቪ የምትባል ልዕልት ይህን አይታ ከራሷ ፀጉር ቆርጣ ሰጠችው። እሱም የምእመናኑ ፀጉር የእሷ ይሁን አለ። የተላጨው ፀጉር ዛሬ በጨረታ ይሸጣል፤ ዊግና ሂውማን ሄር ሆኖ ዓለምን ይዞራል።

ጥ፦ ቤተ መቅደሱ ውስጥ ባለው የአምላኩ ምስል አገጭ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድነው?

ካምፎር ነው፤ ከዛፍ የሚገኝ፣ ሽታው ኃይለኛ የሆነ ነጭ ነገር። አናንታልዋር የሚባል የታላቁ የሂንዱ መምህር የራማኑጃ ደቀ መዝሙር ለአምላኩ አትክልት ማጠጫ ኩሬ ይቆፍር ነበር። ያለ ውጭ ሰው እርዳታ ልሠራ ብሏል። አፈሩን የምትሸከመው እርጉዝ ሚስቱ ናት። አንድ ልጅ መጥቶ ሲያግዛት አናንታልዋር ደሙ ፈላ፤ በያዘው ድጅኖ አገጩን መታው። ልጁ ሸሸ። አናንታልዋር ቤተ መቅደስ ሲገባ ደም የሚፈሰው ከምስሉ አገጭ ነበር። ደንግጦ ካምፎር አደረገበት፤ እስከ ዛሬም ይደረግለታል። ድጅኖው መግቢያው ላይ ተሰቅሏል።

ጥ፦ ክርስቲያን ይገባል?

ሂንዱ ያልሆነ ሰው በአምላኩ አምናለሁ የሚል ፎርም ይፈርማል። እኔ መፈረሙ ከበደኝና ውጭ ቀረሁ። ጓደኛዬ ላዱ ይዞልኝ ወጣ፤ ከሽምብራ ዱቄት፣ ከቅቤና ከስኳር የሚሠራ ድቡልቡል ጣፋጭ ነው። ካሹው በጥርሴ ሲሰበር፣ የሄሉ ሽታ ሲመጣ፣ ቅሬታዬ ግማሹ ለቀቀኝ።

ጥ፦ ሰባቱ ተራሮችስ?

የአዲሼሻ፣ ቪሽኑ የሚተኛበት እባብ፣ ሰባት ራሶች ናቸው ይባላል። ቤተ መቅደሱ ሰባተኛው ላይ ነው።

ጥ፦ በእግር ይወጣል?

በአሊፒሪ በኩል 3,550 ደረጃ አለው። በመኪናም ይወጣል፤ የተሳለ ግን በእግሩ ነው። ከፊቴ አንዲት እናት በየደረጃው እያጎነበሱ እርድና ቀይ ዱቄት በጣታቸው ይቀቡ ነበር። አንድም ደረጃ አልዘለሉም። እኔ ሦስቴ አረፍኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ አለፉኝ።